ችሎት ፊት የማይጠፋው አስተርጓሚ ሐኪም ፊት ለምን ይጠፋል?

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣
በጎጃም ለሚገኙ ሆስፒታሎች የሥራ አመራር ቦርዶች፣

ጉዳዩ፦ በሆስፒታሎቻችን መደብ ያለውና ደመወዝ የሚከፈለው አስተርጓሚ እንዲኖር ስለመጠየቅ

አንድ ገበሬ የጎረቤቱን በሬ ሰርቀሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ቢቀርብና አማርኛ ባይሰማ፣ ዳኛው ክሱን ማንበብ አይጀምሩም። አስተርጓሚ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ቀጠሮ ይሰጣል። ይህ የዳኛው ደግነት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ክርክሩ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ስለሰጠው ነው። ያው ገበሬ በሳምንቱ ሆዱን ይዞ ሆስፒታል ቢገባ ግን፣ የት እንደሚያመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ምን መድኃኒት እንደወሰደ የሚያስረዳለት ሰው ማግኘት የራሱ ጣጣ ነው። በሬ ሰርቀሃል ለተባለው የተደረገው ጥንቃቄ በምላጭ ሊቀደድ ለተኛው አልተደረገም።

እኔ በጎጃም ፍርድ ቤቶች በአዊኛና በአማርኛ መካከል ሳስተረጉም የኖርሁ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሕክምና እውቀት የለኝም፤ ስለ መድኃኒቱም ስለ ቀዶ ሕክምናውም አስተያየት አልሰጥም። ቃል ከአንድ አፍ ተነሥቶ ወደ ሌላ ጆሮ ሲሻገር በመንገድ ላይ ምን እንደሚጎድልበት ግን አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነበር።

በአገራችን አራት የቋንቋ ቤተሰቦች አሉ፤ ሴማዊ፣ ኩሻዊ፣ ኦሞአዊና ናይሎ ሰሃራዊ። አራቱም በአንድ ጠዋት በአንድ የተመላላሽ ሕክምና አግዳሚ ላይ ተራ ይዘው የሚቀመጡበት አገር ካለ የእኛው ነው። አማርኛ ተናጋሪው አለ፤ ከባንጃና ከጓንጓ የመጣው አገው አለ፤ ከቡለን የመጣው ሺናሻ፣ ከማንዱራ የመጣው ጉሙዝ አለ። ቡለንና ማንዱራ ያሉበት መተከል ዛሬ በአስተዳደር የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። በሽተኛ ግን የአስተዳደር ካርታ ይዞ አይታመምም። ከክልሉ ዋና ከተማ ከአሶሳ ዓባይ ስለሚለያቸው፣ የመተከል ሰዎች ከፓዌ ሆስፒታል በላይ የሆነ ሕመም ሲገጥማቸው መንገዳቸው ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተደረገው ሰፈራ ከወሎ፣ ከከምባታና ከሀዲያ ወደ ፓዌ የመጡት ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆችም በዚሁ መንገድ ይመጣሉ። በበለስ ሸለቆ የሸንኮራ እርሻ ሊሠራ ከሩቅ የመጣውን የቀን ሠራተኛ ስንጨምርበት፣ የአግዳሚው ቋንቋ ብዛት ከችሎታችንም ይበልጣል።

«እዚህ ሁሉም አማርኛ ይሰማል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ በችሎትም ስሰማው ኖሬአለሁ። ሰውየው ገበያ ላይ በሬ ሲሸጥ የተከራከረው በአማርኛ ነው ይባላል። እውነት ነው። በሬ ለመሸጥ ቁጥርና ጥቂት ቃል ይበቃል። ሕመምን ለመናገር ግን አፍ የተፈታበት ቋንቋ ያስፈልጋል፤ መውጋትን ከማቃጠል፣ ድካምን ከፍርሃት ለይቶ የሚናገር ቋንቋ። በዚያ ላይ ገበያ የሚውለው ባልየው ነው። ሚስቱና እናቱ ዕድሜያቸውን በቤትና በማሳ መካከል ያሳለፉ ናቸው፤ የገበያውን አማርኛ እንኳ የሚለምዱበት አጋጣሚ አላገኙም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ያልደበቀውስ? ገልጦ ተናግሮ የሚሰማው ያጣው ምን ይባላል?

እኔ ስሠራበት የኖርሁት፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ አስተርጓሚ ሲናገር የተከሳሹ ወይም የከሳሹ ዘመድ፣ ወይም በጉዳዩ ምስክር የሆነ ሰው እንዳይመረጥ ይከለክላል። ሕግ አውጪው ዘመድ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብሎ አይደለም። ዘመድ ያዝናል፣ ያፍራል፣ ይፈራል፣ የሰማውን ለቤቱ በሚስማማ መንገድ ያስተካክላል። በሆስፒታሎቻችን ግን ከዘመድ በቀር አስተርጓሚ የለም ማለት ይቻላል። ችሎት የከለከለውን ሕክምና ብቸኛ መፍትሔ አድርጎ ይዞታል።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል የታመመች እህቴን ሳስታምም፣ በድንገተኛ ክፍል ከጎናችን አንዲት አገው እናት ተኝታ ነበር። የምትለየን አንዲት መጋረጃ ናት፤ መጋረጃ ደግሞ ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከልልም። የምታስተረጉምላት ልጇ ናት። የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች የመጣች ልጅ ስትሆን አሥራ ሁለት ዓመት ቢሞላት ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። ደም የሚፈስሽ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ከባልሽ ጋር ከተገናኘሽ በኋላስ ይብስብሻል ወይ ብሎ በአማርኛ ጠየቀ። ልጅቱ መሬት መሬት አየች። ቆይታ እናቷን በአዊኛ «ሆድሽን ነው ወይ የሚያምሽ ይልሻል» አለቻት። እናት ብዙ ተናገረች፤ ከፋሲካ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሽታው ራሷን እንዳስጠላት፣ ጎረቤት ጸበል ግቢ እንዳለቻት፣ ይህን ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ልጅቱ ለሐኪሙ ያደረሰችው «ሆዷን ያማታል» የሚለውን ብቻ ነበር። ሐኪሙም ያንኑ ጻፈ።

ፈቃድ ጠይቄ ገባሁ። ሐኪሙ ደስ አለው፤ ልጅቱን ውኃ እንድታመጣ ላካት። እናትዮዋ ግን እኔን ስታይ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች፤ ለልጇ የነገረቻትን ግማሹን እንኳ ለእኔ አልደገመችም። ብትፈራኝ አይፈረድባትም። ሽማግሌ ወንድ ነኝ፤ ከዚያም በላይ የአገሯ ሰው ነኝ፣ ባሏን ወይም አባቷን ላውቅ እችላለሁ። አስተርጓሚ ይቀጠር ስል ቋንቋ የሚችል ሁሉ ይምጣ ማለቴ አይደለም። በዚያች ሰዓት የምታስፈልገው ሴት ናት፤ ሥራዬ ብላ የያዘችው፣ ምሥጢር ለመጠበቅ የማለች፣ ሐኪሙ የጠየቀውን ሳትቀንስ እናት የመለሰችውን ሳትጨምር የምታደርስ።

ልጅቱ ላይ የምትፈርዱ እንዳትኖሩ። ያ ጥያቄ በእርሷ አፍ ለእናቷ የሚቀርብ ጥያቄ አልነበረም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የጤና ደንቡ፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ወድቆ ሌላ ሰው ካልጠፋ በቀር፣ ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግን ይከለክላል። ይህን ለመከልከል ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። ቢሮው ነገ ሊጽፈው ይችላል።

ዘመድ ካልመጣ ደግሞ ጥበቃው ይጠራል፤ ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትገባለች። እነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። እስከ ዛሬ ሆስፒታሎቻችን የሚያስተናግዱት የአዊኛና የጉሙዝኛ ተናጋሪ ሁሉ በእነርሱ ጫንቃ ላይ ነው ያለፈው፤ ያለ ክፍያ፣ ያለ ሥልጠና፣ ብዙ ጊዜም ከአለቃቸው «ሥራሽን ትተሽ የት ሄድሽ» የሚል ተግሣጽ ተጨምሮበት። ነገር ግን ጥበቃው የሚኖረው በሽተኛው በሚኖርበት ቀበሌ ነው። ስለ ኤች አይ ቪ ወይም ስለ ሳንባ ነቀርሳ የተነገረውን ቃል ይዞ ማታ ወደዚያው መንደር ይገባል። ምናልባት ለማንም አይናገርም። በሽተኛው ግን ይህን በምን ያውቃል? የማያውቅ ሰው ደግሞ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ሁለተኛ አይመጣም። እኛ በችሎት ገና ከመጀመራችን በፊት እጃችንን አንሥተን እንምላለን። መሐላው ቃሉን እውነት አያደርገውም፤ ነገር ግን ከሳሽም ተከሳሽም ሰውየው በምን እንደታሰረ ያያሉ።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ የስምምነት ቅጹ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት በሽተኛው ወይም ቤተሰቡ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን የማኅተም ቀለም ላይ ጫን አድርጎ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። ቀለሙ ሐምራዊ ነው፤ ለቀናት ከጣት አይለቅም። በፍርድ ቤት የተከሳሽ ቃል ከተጻፈ በኋላ ይነበብለታል፤ መዝገቡም ላይ «ቃሌ ተነቦልኝ ትክክል ነው» የሚል ይሰፍራል። ይህ ከሌለ ጠበቃው ያንን ወረቀት ዋጋ ያሳጣዋል። በሆስፒታል የሚፈረመው ወረቀት ከዚያ የቀለለ ነውን? ማኅፀኗ ሊወጣ የሚችል ሴት፣ እግሩ ሊቆረጥ የሚችል ጎልማሳ ናቸው የሚፈርሙት። ወረቀቱ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያብራራው «ሆድህን ከፍተው ያዩታል፣ ፈርም» የሚል የወንድም ልጅ ነው። ያ ጣት የተስማማው በምን ላይ ነው? አንድ ቀን እንዲህ ያለ ቅጽ ችሎት ቢቀርብ፣ አስተርጓሚ ሆኜ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ምን እንደሚሉ መገመት አይከብደኝም።

በቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ያስረዳው ማን ነው፣ በምን ቋንቋ ነው፣ በሽተኛውስ የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ ተናግሯል ወይ? ይህ የመጨረሻው ትልቁ ነገር ነው። «ገባህ?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ ሁሉ «አዎ» ይላል። ከትልቅ ሰው ፊት አልገባኝም ማለት ነውር ነውና። «እስቲ ለሚስትህ እንዴት አድርገህ ትነግራታለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው የገባውና ያልገባው የሚለየው። በመድኃኒት ቤቱ መስኮትም እንዲሁ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር የሚወሰድ ነው፤ ሲሻለው እንዳይተወው የሚነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ካልተላለፈ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ስለ ካርድ ክፍል አጭር ነገር ልበል። የጉሙዝ ስም ለአማርኛ ጆሮ ያልተለመደ ነው፤ ጸሐፊው በመሰለው ይጽፈዋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ጸሐፊ በሌላ አጻጻፍ ይፈልገዋል፤ ካርዱ ጠፋ ይባላል፤ አዲስ ይወጣል፤ የደም ምርመራው እንደ አዲስ ይጀመራል። በሽተኛው ራሱ ስሙን እንዲያሰማ፣ ጸሐፊው ጽፎ መልሶ እንዲያነብለት ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም። በካርዱ ራስ ላይ የሚናገረው ቋንቋ ቢጻፍ ደግሞ ከዚያ ጀምሮ ያለው ሁሉ ይቀላል፤ አስተርጓሚ ምን ያህል እንደሚያስፈልግም ቢሮው በግምት ሳይሆን በቁጥር ያውቃል።

አሁን ራሴን ልሞግት። አስተርጓሚ ሁሉን አይፈታም። ለዚህ ምስክር የምጠራው በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የሚኖሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎች ነው። የደንገል ታንኳ አሠራርን ለዚህ ሐይቅ ያቆዩት እነርሱ ናቸው። ጥንታዊ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት እንደ እኔና እንደ እናንተ አማርኛ ነው፤ ስለዚህ በእነርሱና በሐኪሙ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ አያስፈልግም። ንቀቱ ግን ያለ አስተርጓሚ ይገባቸዋል። ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ዓይኑን የሚያሸሽ ሰው ነጭ ካፖርት ስለለበሰ ብቻ ልማዱን በር ላይ ጥሎ አይገባም። አጠገቡ ያለው በሽተኛ «ከዚህ ሰው ጋር አታስተኙኝ» ቢል ተረኛዋ ነርስ ምን እንደምትመልስ የተጻፈ መመሪያ አላት? ወይስ እንደ ጠባይዋ ነው? ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የአምስት ዓመት ዕቅዱ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዐበይት አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ቃሉ ያማረ ነው፤ በየግድግዳው ተለጥፏል። አክባሪነት ሲጓደል ግን በሽተኛው ለማን፣ በየት፣ በምን ቋንቋ አቤት እንደሚል አብሮ አልተለጠፈም።

ከዚህ የከበደም አለ። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ከደረሰው ግድያ ሸሽተው ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አማሮች፣ አገዎች፣ ሺናሾች ሰፍረው ነበር። ልጁን ወይም ሚስቱን በዚያ ያጣ ሰው ታሞ በሚተኛበት ክፍል አንድ ጉሙዝ በሽተኛ ሊገባ ይችላል። ሁለቱም አንዳች አልበደሉም፤ ሁለቱም ታመዋል። አስታማሚዎቻቸው ግን በአንድ ኮሪደር ያድራሉ። ይህ ወሬ መንደር ሲደርስ የማንዱራዋ ጉሙዝ እናት ምጧ ቢጠናባትም ወደዚህ አትመጣም፤ ሕመሙን ሳይሆን ሰውን ትፈራለች። ሆስፒታሉ ለዚህ አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ ከበሩ ጥበቃ ጀምሮ፣ «አገርህ የት ነው» ተብሎ ከሚጠየቅበት ድምፅ ጀምሮ። ጥያቄው ለካርድ ነው ወይስ ለሌላ ነገር መሆኑን ሰው ከድምፁ ይለየዋል።

አገር መጠየቅ ለሐኪም የግድ የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለም ልብ በሉ። ከጎጃም ቆላና ደጋ በየዓመቱ ወጣቶች ወደ መተማ፣ ቋራና ሑመራ የሰሊጥ እርሻዎች ለአረምና ለአጨዳ ይሄዳሉ። እዚያ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። ምልክቱ ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል፤ የማይለቅ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ መክሳት። ካልታከመ ይገድላል። ልጁ ቤቱ ገብቶ ሲታመም ደግሞ በሽታው በመንደሩ የለም፤ ስለዚህ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባለ ኪኒን ይቀያየርለታል። «ባለፈው ክረምት የት ሠራህ?» የሚል አንድ ጥያቄ ከብዙ የላብራቶሪ ወጪ ይበልጣል። የሰውን መንገድ መጠየቅ እንግዳ መቀበል ብቻ አይደለም፤ ምርመራም ነው።

የዚሁ የቀን ሠራተኛ ሌላው ጣጣ ወረቀት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአሥራ ሦስት ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ስለዚህ ጎጃም ነገሩን ከመነሻው ታውቀዋለች። ጥሩ ነገር ነው። ግን ካርዱ የተሠራው ቤቱ ተቀምጦ ለሚታመም ሰው ነው። ቤተሰቡ በወረዳው ይመዘገባል፣ ወረዳውም በአቅራቢያው ካለ ተቋም ጋር ውል ይገባል። ሰውየው ከዚያ ወረዳ ርቆ ሲወድቅ ካርዱ ኪሱ ውስጥ ያለ ወረቀት ነው። ተፈናቃዩ ደግሞ የአቅም ማነስ ደብዳቤ ከቀበሌህ አምጣ ይባላል፤ ቀበሌው ግን ተቃጥሏል፤ እርሱም የሸሸው ከዚያው ነው። እናቶችና ሕፃናት በነጻ እንደሚታከሙት ሁሉ፣ ተፈናቃይና ወቅታዊ ሠራተኛ ቢያንስ በድንገተኛ ክፍል መጀመሪያ እንዲታከሙ፣ ወረቀቱ ከኋላ እንዲከተል ይደረግ።

«ሆስፒታል ለየሰው ልማድ ሊጎነበስ አይችልም» ለሚሉኝ መልሴ ገንፎ ነው። እናቶች በጤና ተቋም መውለድን ሲሸሹ ጤና ጣቢያዎቻችን ምን አደረጉ? ለወላድ ገንፎ ማገንፋት፣ ቡና ማፍላት ጀመሩ፤ ከሩቅ ለሚመጡት ነፍሰ ጡሮች የእናቶች ማቆያ ቤት ሠሩ። ሳይንሱ አልተጎዳም፤ ቡናው ፈላ፣ እናትም መጣች። ታዲያ ያ ገንፎ የማን ገንፎ ነው? የእኛው የደጋዎቹ ነው። ተቋሙ ተጎንብሶ የተገኘው ለብዙኃኑ ልማድ ነው። ለጉሙዟ እናትስ? በጉሙዝ ዘንድ ሴት በቤት ውስጥ እንዳትወልድ፣ ብቻዋን ከመንደር ወጣ ብላ እንድትገላገል የሚያስገድድ የቆየ ልማድ አለ፤ የወሊድ ደም ከሰው መራቅ አለበት ተብሎ። ልማዱ እናትንም ሕፃንንም እንደሚጎዳ አልክድም። ሆኖም ይህችን ሴት በአንድ ክፍል አራት ሌሎች ወላዶች ባሉበት አስተኝቶ፣ ለምን እንደምትንቀጠቀጥ ሳይገባው «ተረጋጊ» የሚል አዋላጅ ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው። ሽማግሌዎቻቸውንና የወለዱ ሴቶቻቸውን ጠርቶ «ምን ብናደርግ ትመጣላችሁ?» ማለት የሚያስወጣው የቡና ዋጋ ነው።

ይህ ሁሉ የእኔ ፈጠራም አይደለም። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ከአሥራ ሁለት አገሮች የተውጣጡ ሆስፒታሎች ከቪየና በተመራ ፕሮጀክት ለስደተኞችና ለአናሳ ብሔረሰቦች የሚመች ሆስፒታል ምን እንደሚመስል ሞከሩ፤ በ2004 አምስተርዳም ላይ የጋራ መግለጫ አወጡ። የሞከሩት የአስተርጓሚ አገልግሎትን ማሻሻል፣ ለእናቶችና ሕፃናት በሚገባቸው መንገድ ማስተማርና ሠራተኛውን ከባሕል ልዩነት ጋር እንዲሠራ ማሠልጠን ነበር። አውስትራሊያ ደግሞ ከ1973 ጀምሮ በስልክ የሚያስተረጉም አገልግሎት አላት። ዛሬ ከጎጃም ወጥቶ በእነዚያ አገሮች የሚኖር ልጃችን ሲታመም በአማርኛ የሚያስረዳው ሰው በሽቦ ጫፍ ይጠራለታል። እዚያ ይህን ስናገኝ መብታችን ነው እንላለን።

ገንዘብ የለም ትሉኛላችሁ። ከጦርነቱ ወዲህ የክልላችን ሆስፒታሎች በምን እንደቆዩ አላጣሁትም፤ የጤና ባለሙያው የደመወዝ ጥያቄም በ2017 ዓ.ም. ግንቦት በአገር ሙሉ ተሰምቷል። የምጠይቀው በዚያ ባለሙያ ላይ አዲስ ሸክም እንዲጨመር አይደለም፤ እንዲያውም አንድን በሽተኛ በምልክትና በግምት ሲያነጋግር የሚያባክነው ሰዓት እንዲመለስለት ነው። እንጅባራ፣ ቻግኒ፣ ዳንግላና ባሕር ዳር ላይ ለአዊኛ ሁለት ሁለት ሰው፣ አንዷ የግድ ሴት፣ በመዋቅሩ መደብ ወጥቶላቸው ይቀጠሩ። አዊኛ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቋንቋ ሆኗልና ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ሞልቷል። ለጉሙዝኛና ለሺናሽኛ በየሆስፒታሉ ሰው መቅጠር ላይቻል ይችላል፤ ለእነዚህ ስልክ ይበቃል። በኮቪድ ጊዜ የ8335 ስልክ አገር ሙሉ ሲያስተናግድ አይተናል። ሐኪሙ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ የሚያኖረው፣ ቀንም ሌሊትም የሚያነሣ ተረኛ ያለው አንድ ቁጥር ለጎጃምና ለመተከል በጋራ ይቋቋም፤ ለዚህም የሁለቱ ክልሎች ጤና ቢሮዎች ይነጋገሩ። ቋንቋ የሚችሉ ነርሶችና የጽዳት ሠራተኞች ፈተና ወስደው ሲያልፉ፣ ላስተረጎሙበት ሰዓት አበል ይታሰብላቸው። እስከ ዛሬ በነጻ የወሰድንባቸውን እንኳ ባንከፍል፣ ከዛሬ ወዲያ ያለውን እንክፈል።

በጡረታ ላይ ያለን የችሎት አስተርጓሚዎች ጥቂት አይደለንም። ቢሮው ክፍልና ቀን ቢሰጠን የምናውቀውን ማስተማር እንችላለን፤ እንዴት እንደሚማል፣ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በመካከላቸው ሆኖ እንዴት ራስን ዝም እንደሚያሰኙ፣ አሳፋሪ ቃል ሲመጣ ሳያለሰልሱ እንዴት እንደሚያደርሱት፣ ያልሰማነውን «አልሰማሁም ይደገምልኝ» ለማለት እንዴት እንደሚደፈር። የሕክምናውን ቃል እናንተ ታስተምራላችሁ። እኛ ለማስተማሩ ክፍያ አንጠይቅም። የሚሠለጥኑት ግን መደብ ይኑራቸው፤ መደብ የሌለው ሥልጠና የምስክር ወረቀት ከማብዛት አያልፍም። የወባ ወቅት በመስከረም ሲጀምር የድንገተኛ ክፍሎቻችሁ ስለሚሞሉ፣ የመጀመሪያው ዙር ክረምቱ ሳይወጣ ቢጠናቀቅ ለሁላችንም ይበጃል። የቢሮውን መልስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ
ጎጃም